የአያቴ ከረሜላ

አያቴ ራሳቸውም ስኳር ነበረባቸው፤ ማለዳ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከከሚሴ የስኳር ሕመምተኞች ጋር በእግር ይሄዱ ነበር። መንገድ ሳይጀምሩ አንድ በአንድ "ከረሜላህን አሳየኝ፣ ከረሜላሽን አሳዪኝ" ይላሉ። ስኳር በድንገት ሲወርድ ነፍስ የሚያቆየው እሱ ነው። ያልያዘን ወደ ቤቱ ይመልሱታል።

ባለፈው ረመዳን አብሬያቸው ሄድኩ። ወደ ጨፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎረቤታችን ላብ አጠመቃት፤ ጉልበቷ ከዳትና ተቀመጠች።

"ወላሂ ጾሜን አላፈርስም" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

አያቴ ተንበረከኩ። "አላህ ለታመመ ፈቅዷል። አፍሽን ክፈቺ።"

ከረሜላዋን ፈትተው ምላሷ ላይ አስቀመጡላት። ሲፈቱ ግን የእሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አባባ፣ አንቱስ ይዘዋል?" አልኳቸው።

ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። "ይዣለሁ።"

በሦስተኛው ቀን እንደጾሙ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ብቻቸውን ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ሰው ሲደርስላቸው ሕይወታቸው አልፏል። ከኮታቸው ኪስ ከረሜላው እንደተጠቀለለ ወጣ።

አሁን ከፊት የሚሄድ የለም፤ ቦታቸውን ትተንላቸው ከኋላ እንከተላለን። ኪስ የማስፈትሸው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ሳልጠይቃት ከረሜላዋን ታሳየኛለች።

"አየሁት" እላታለሁ። "ትበዪዋለሽ ወይ?"

አያቴን ያልጠየቅኋቸው ይህንን ነበር።