ሚዛኑ ሳይረጋ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሰውን ጉድ በየመጣጥፌ ስዘረዝር የኖርኩ እኔ፣ የራሴን ደብቄ ይኸው ሸመገልኩ።

ነስሩ፣ ቡታጅራ ከተማ አብሮኝ ያደገ የፊዚክስ መምህር ነው። ያኔ አመሻሽ ላይ ከመናኸሪያው እስከ ከተማው ዳር በእግር እንሄድ ነበር። ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉብን እሱ ስለ ኒውትሪኖ ያወራል፤ ሁሉን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ክብደቱ ገና ስላልታወቀ ቅንጣት። ክብደቱን ለማወቅ ትሪቲየም የሚባል የሃይድሮጅን ዓይነት ፈርሶ ኒውትሪኖ ሲተፋ አጥርቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አተሞቹ ግን ይሮጣሉ። ስለዚህ አተሞቹን ማቀዝቀዝ፣ ማዘግየት፣ ማርጋት ነው።

«የአባቴ ሚዛን እኮ ነው» ይለኝ ነበር። «በርበሬው እየተወዛወዘ ይነበባል እንዴ?»

እንደዚያ ያለ ወሬ ከዚያ ወዲህ ከማን ሰማሁ?

ይህንኑ ሥራ የሚማርበት ዕድል ባሕር ማዶ አገኘ። የቀረው የአባቱ ዱዓ ብቻ ነበር፤ ያለ እሱ ከቤት አይወጣም። ለአረፋ ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሳለ፣ በርበሬ ነጋዴው አባቱ ሐጂ ከድር ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«አንተ አንባቢ ነህ። ነስሩ ምን ሊሠራ ነው የሚሄደው?»

የሚዛኑ ምሳሌ ምላሴ ላይ ነበር። እኔ ግን ፈገግ ብዬ «የማይታይ ነገር ሊመዝን ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው። ቃሉ እውነት ነበር። እውነትን ለክፋት ማዋል ደግሞ እችልበታለሁ።

«የማይታየውን የሚመዝን አላህ ብቻ ነው» አሉ። ዱዓውን ከለከሉት።

ነስሩ ቀረ። ምን እንዳልኩ ዛሬም አያውቅም። ለምን አደረግሁት? ሁሉም ሲያጨበጭብ መቃወም ልማዴ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከሄደ አመሻሹን ከማን ጋር ልሄድ? እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ እኔ። ያን አመሻሽ ግን ለራሴ ማስቀረት አልቻልኩም። ዛሬ እሱ ወልቂጤ ተዛውሮ ያስተምራል፤ ስንገናኝ ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን። ስለ አተሞቹ ብጠይቀው «ተወው ባክህ» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሐጂ ዘንድ በርበሬ ልገዛ ሄድኩ። አርጅተዋል። ሚዛኑ እየተወዛወዘ እጄን ብዘረጋ «ቆይ ልጄ፣ ይርጋ» አሉኝ። «ሳይረጋ እውነቱን አይናገርም።»

ያን ጊዜም ልነግራቸው እችል ነበር። በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ።

ነስሩ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ መለመንም ካንተ መውሰድ ነው፤ የወሰድኩብህ ይበቃል።