ቆጣሪው ጋ የቆመው

ባለፈው ሳምንት ሳሎኔን የሚያድሱልኝ ሠራተኞች በባልዲ ጀሶ አቦኩና ያ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሻዬን አስቀምጬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ሚስቴ «ምነው፣ አቧራው አስቸገረህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ጀሶ በሸተተኝ ቁጥር አቧራ ነው እያልኩ እኖራለሁ። ካንተ ግን ምን እደብቃለሁ።

ነገሩ ሐረር ነው፣ በደርግ ጊዜ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ ሥራ እንማር ነበር። ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው ያሠለጠኑን። እኔ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ ወታደር ልጅ ነኝ፤ ጥንዴ ደግሞ የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ካቻቢቴ በጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር ጉረኛ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ሽቦ ያገናኛል። ሌላው ውጭ ቆጣሪው ጋ ፊውዙን ነቅሎ በእጁ ይዞ ይቆማል። የውስጡ ሲጨርስ «ስጥ!» ይላል፤ ያኔ ብቻ ፊውዙ ይገባል። ከዘገየ የውጪው «ልስጥ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካልመጣ አይሰጥም፣ ቦታውንም አይለቅም። መምህራችን ኮረንቲ የጎዳውን የማይታጠፍ ጣታቸውን እያሳዩ «ዝምታ መልስ አይደለም፤ የሰው ነፍስ ነው የያዛችሁት» ይሉን ነበር።

ጥንዴ አንድ ቀን ይህን ረሳ። ወርክሾፕ ውስጥ ፊውዙን ቆጣሪው ላይ አስቀምጦ ከልጆች ጋር ሊያወራ ሄደ። ሌላ ሰው መጥቶ መልሶ ሰካው። እኔ መሰላል ላይ ሽቦ ይዤ ነበርና መሬት ላይ ተዘረርኩ፤ ግንባሬ ተፈነከተ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን እጄን ያዘና «ወላሂ፣ አንተ ‹ስጥ› ወይ ‹ተወው› ሳትለኝ ሁለተኛ ንቅንቅ አልልም» ብሎ ማለልኝ። እኔም ኮራ ብዬ «እናያለን» አልኩት።

በዚያው ሰሞን አፈሳው ጠነከረ። ለብሔራዊ ውትድርና የተጠየቀውን ሰው ያልሞላ ቀበሌ መንገድ ላይ ያገኘውን ወጣት ይጠርጋል። የተማሪ መታወቂያ አለን ብለን እንጽናና ነበር፤ ግን ኮታ ያልሞላለት ሰው መታወቂያ ለማንበብ ትዕግሥት የለውም። ሸሽተን እንዳንወጣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማው መውጣት አይቻልም። ከትምህርት ቤት ወደ ማደሪያ፣ ከማደሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሆነ ኑሯችን፤ ሲኒማ እንኳን ቀረ። ጥንዴ «አቦ፣ ጎተራ ውስጥ የገባች አይጥ ሆንን እኮ!» ይል ነበር። ያስቀን ነበር፣ ግን መተንፈስ አቅቶን ነበር።

ለመጨረሻው የተግባር ፈተና ለእያንዳንዱ ጥንድ እውነተኛ ቤት ተሰጠ። የእኛ ጀጎል ውስጥ ደረሰን። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው የሐረር እናት ነበሩ፤ «አዴ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በሐረሪ ቤት ከዋናው ክፍል ጎን መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽራ ከሰው ዓይን ተሰውራ የምትሰነብትባት። ባዕድ ወንድ አይገባባትም። አዴ ለልጃቸው መብራት የፈለጉት እዚያ ነበር፤ ሠርጉ ገና ስለሆነ ክፍሏ ባዶ ነበረች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻዋን መስመር ይዤ ወደ ሙሽራዋ ክፍል ስገባ ጥንዴ «በል እንግዲህ፣ ሙሽራዬ፣ አጊጠህ ጠብቀኝ» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ቆጣሪው ከቤቱ ጀርባ፣ ከቀጭኗ መንገድ ዳር ግድግዳው ላይ ነው። እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥን በጀሶ አጣበቅሁ። ጀሶው ገና አልደረቀም። ሁለቱን ሽቦዎች ልጬ ላገናኝ ስል ፊሽካ ተነፋ። ከዚያ ሩጫ፣ የጫማ ኮቴ፣ «ቁም!» የሚል ጩኸት።

አዴ እየሮጡ መጡ። «ዝም በል ልጄ፣ አላህ ይጠብቅህ» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ጨለማ ዋጠኝ። የቀበሌ ሰዎች በፊት ለፊቱ በር ግቢው ውስጥ ገቡ።

«ወንድ አለ?»

«የለም።»

«ያቺስ ክፍል?»

«ሙሽራ አለችባት። ኧረ እፈሩ፣ ልጆቼ! የእናንተ እናት ቤት ቢሆን ትከፍታላችሁ?»

በሩን ሳይነኩ ቀሩ። የአገሩ ልጆች ናቸው፣ ባህሉን ያውቁታል። ይህን ጊዜ ነው ከግድግዳው ጀርባ ጥንዴ የተጣራው።

«ልስጥ?»

በርጩማው ላይ ደርቄ ቀረሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «ተወው!» ብል የኋላው መንገድ ለእሱ ክፍት ነው። ግን ቃሏ ከወጣች እኔ ተያዝኩ።

«ኧረ ልስጥ ወይ?»

«ማነው እሱ?» አለ ከሰዎቹ አንዱ። አዴ «የጎረቤት ነው» አሉ። ሰውየው አላመነም መሰለኝ፣ ኮቴው ወደ ውጭ ወጣና ዞረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ የድምፁን ጭንቀት ሰማሁት፤ የደነገጠው ለእኔ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ፈራሁ።

ሁሉም ጸጥ ሲል ወጣሁ። ቆጣሪው ጋ ማንም የለም፣ የፊውዙም ቦታ ባዶ ነው። አንዲት ጎረቤት በበራቸው ክፍተት ሲያዩ ስለነበር የሆነውን ነገሩኝ። የሚሮጡ ልጆች ባጠገቡ ሲያልፉ «ና ሩጥ፣ አንተ!» ብለውታል። «ጓደኛዬ ሽቦ ይዟል» አላቸው አሉ። ሰዎቹ ክንዱን ሲይዙት ፊውዙን ኪሱ ከተተ። እሱ ከሄደ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይሰካብኝ ነው። ስንት ዓመት ሌላ ምክንያት ፈለግሁለት፣ አጣሁ።

አዴ አፈሳው እስኪበርድ ብለው መልሰው አስገቡኝና ከዚያች ክፍል ዘጠኝ ቀን አላስወጡኝም። ልጃቸው ምግቡን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ቀንና ሌሊቱን መለየት አቃተኝ፤ የማሸተው ጀሶ ብቻ ነበር። ሳለቅስ ሰምተው «እኔም እዚህ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ያልፋል» አሉኝ ከበሩ ወዲያ። የሚያስለቅሰኝ መታሰሬ መስሏቸው ነው። አልነገርኳቸውም።

ፈተናውን አለፍኩ፣ ተመረቅሁ። ጥንዴ ወደ ሰሜን ተላከ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሥርዓቱ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ የጥንዴ እናት የተመለሰውን ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆሙ ሲጠይቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ እኔ ወደምሠራበት ሱቅ መጡ። ከፀሐይ ላይ አንስቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሲይዙት አብረኸው ነበርክ?»

«አይ እናቴ፣ እኔ ሌላ ቤት ነበርኩ።»

«ልጄ እግሩ ፈጣን ነው። የኮበለለ ወይፈን እንኳን አያመልጠውም ነበር። ለምን አልሮጠም?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሡ፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አንተ ተረፍክልኝ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።