ተቺዎችን ያስፈራው ቤት

ሰው ሁሉ እታለም ይላታል። ታናናሾቿም፣ ደንበኞቿም፣ በዕድሜ የሚበልጧት ጎረቤቶቿም። መጋረጃ ሰፊ ናት። ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለአዲስ ተጋቢዎች ቤት የምትሰፋው መጋረጃ ከመስቀያው ሲወርድ ውሃ ይመስላል፤ ሽንሽኑ አንዱ ከሌላው ሳይበላለጥ ተከታትሎ ይፈስና ወለሉን ሊነካ ሲል ይቆማል። “መጋረጃ መሬት ከነካ መጥረጊያ ነው፤ ከፍ ካለ ደግሞ ቁምጣ የለበሰ ሽማግሌ ይመስላል” ትላለች። ሜትሯን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ስትሠራ ያያት ሰው፣ ጨርቅ ሳይሆን ብርሃን የምትቆርጥ ይመስለዋል። ለነገሩ ሥራዋ እሱ ነው፤ የትኛው ክፍል ምን ያህል ፀሐይ እንደሚበቃው የምትወስን ሴት ናት።

አላገባችም፣ አልወለደችም። ልጅ ግን አሳድጋለች። እህቷ ስትሞት፣ ገና ጫማውን ማሰር ያልቻለውን የእህቷን ልጅ አቅፋ፣ ረጅም ኮሪደር ወዳለው ወደዚህ ቤት አመጣችው። ያኔ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ድንቡሼ አለችው። ዛሬ ድንቡሼ በመርፌ ቀዳዳ የሚሾልክ ክር የመሰለ ሰው ሆኗል፤ ስሙ ግን አልከሳም።

ድንቡሼ የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራል። ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቃው፣ “እንቆቅልሽ ነገር ነው” ብሎ አለፋት። እሷም “ምን አውቅልህ!” ብላ ሳቀች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቷ የሆነችው ፀጉር ሠሪ ማበጠሪያዋን ራሷ ላይ እንደሰካች እየሮጠች ገባች። የእታለም የልብ ወዳጅ ናት። ዓይኗን ከስልኳ የምትነቅለው የደንበኛ ፀጉር እንዳይቃጠልባት ስትሰጋ ብቻ ነው።

“እልል በይ እታለም! ድንቡሼን አገር አወቀው!”

“ምን አድርጎ?”

“ጨዋታው ወጣ! «ጓዳ» ነው ስሙ። ተቺዎቹ ምን እንዳሉ ላንብብልሽ ወይስ አንቺ ታነቢዋለሽ? ኧረ እኔው ላንብብ!”

ፀጉር ሠሪዋ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንዱ ተቺ “ዘንድሮ ከተጫወትኳቸው ሁሉ ቁንጮው” ብሎታል። አንዷ ደግሞ “ራስህን አታይም፤ የምታየው ሁለት እጆች ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ የሌላ ሰው አይሆንልህም፤ የገዛ ራስህ ይሆናል” ብላለች። ሌላው እንቆቅልሾቹን ሲያደንቅ፣ “ቤቱን እንደ ሰው ካላወቅኸው አንድም በር አይከፍትልህም” ይላል።

“እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!” እታለም ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከደስታዋ ብዛት አንዱ ወግቷት እንኳ አልታወቃትም።

“ቆይ፣ አንዱ ስለ ቤቱ የጻፈውን ደግሞ ስሚ። ‘ኮሪደሩ ረጅም ነው። በስተግራ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ቡናማ ቁም ሣጥን አለ። መሃል መንገዱ ላይ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ተገትሯል። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል። እንዲህ የሚያስፈራ ቤት በዕድሜዬ...’”

ድምጿ እየሰለለ ሄደ። ሁለቱም እኩል ቀና አሉ። በተከፈተው በር በኩል ኮሪደሩ ይታያል። መስተዋቱ የተሰነጠቀው ቡናማ ቁም ሣጥን በስተግራ ቆሟል። ወንበሩም አለ።

“ይሄ እንኳን... የሁሉም ሰው ቤት ቁም ሣጥን አለው” አለች ፀጉር ሠሪዋ።

“አንብቢ።”

“ምን ያደርግልሻል?”

“አንብቢ አልኩሽ እኮ!”

“‘ሠሪውን፣ ይህን ቤት ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅኩት። ያደግኩበት ቤት ነው አለኝ።’”

የስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ ያለው የእታለም እግር ሳታስበው አንድ ጊዜ ረገጠው፤ መርፌው ያለ ጨርቅ ባዶ አየር ሰፋ።

“ፈርቶ ነው እንዴ ያደገው?” አለች በመጨረሻ። “እዚህ ቤት? እኔ እያለሁ?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህች ጥያቄ አብራት ተኛች፣ አብራት ተነሣች። እናት የሌለውን ልጅ ምንም ሳይጎድልበት አሳድጌያለሁ ብላ የምታምን ሴት ናት፤ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ሳትለካ የሠራችው እሱን ብቻ ነበር። አሁን ግን የማታውቃቸው ሰዎች የሷን ጓዳ እየዞሩ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይንቀጠቀጡና ያጨበጭባሉ። ሙገሳው ማር ነው፤ ማሩ ውስጥ ግን መርፌ አለ።

ቢሆንም አንብቢልኝ ማለቷን አልተወችም። ፀጉር ሠሪዋ በየቀኑ አዲስ ነገር ይዛ ትመጣለች።

“ይሄኛው ‘ቤቱ ይተነፍሳል’ ይላል።”

“ይተነፍሳላ! ጣሪያው ቀዳዳ ነው። እሱንም በጭራቅ ያሳብብ።”

“ይቺኛዋ ‘ቁም ሣጥኑን የከፈትኩት መብራት አብርቼ፣ ባሌን ጠርቼ ነው’ ትላለች።”

“ምን ልታገኝበት? የክረምት ብርድ ልብስ ነው ያለበት!”

ጨዋታው ያልጣመው አንድ ተቺ ብቻ ነበር፤ ጎምዛዛው ብለው ስም አወጡለት። “በጨዋታው የሚሰማው ማባሪያ የሌለው ልፍለፋ ፍርሃቱን ያበርደዋል፤ በእንዲህ ያለ ቤት ዝምታ ነው የሚያስፈልገው” ብሎ ጽፏል። እታለም ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጇን በነካ ሰው ላይ ትነሣ ነበር። አሁን ግን ትከሻዋን ነቅንቃ አለፈችው።

እሑድ ከሰዓት ድንቡሼ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ምሳ አቀረበችለት። “ብላ” አለችው፤ “በሞቴ” ግን አላለችም። በዚያ ቤት ያለ “በሞቴ” የቀረበ ምሳ ታይቶ አይታወቅምና ማንኪያውን እንዳነሣ ቀረ።

“ምን ሆነሻል እታለም?”

“ምን እሆናለሁ? ጭራቅ ያለበት ቤት የምትኖር ሴት ምን ትሆናለች?”

ድንቡሼ ጥግ ወደተቀመጠችው ፀጉር ሠሪ ዞረ። “አንቺ ነሽ ያነበብሽላት?”

“ለደስታ ብዬ ነዋ! ደስታው መሃል ቁም ሣጥን ይወጣል ብዬ መቼ አሰብኩ?”

“እሷን ተዋት” አለች እታለም። “እኔን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እዚህ ቤት ስታድግ ትፈራ ነበር?”

“አዎ” አለ።

ሳያመነታ ነው ያለው። እታለም ሳህኑን ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን እጇን ያዘው።

“ከዚህ በላይ በአፌ አልችልበትም። ብችል ኖሮ ይሄን ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ አልኖርም ነበር። ተጫወቺው። ከዚያ ከፈለግሽ በመጥረጊያ አባሪኝ።”

“እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?”

“ጨለማ ብቻ ነው የሚያስፈልገን።”

“ጨለማማ የኔ ሥራ ነው” አለች፤ አኩርፋም ቢሆን በሥራዋ አትታማም። ለሆቴል የሰፋችውን ወፍራም መጋረጃ አውጥታ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። እንዴት ያለች ሴት ናት! ውጪ ፀሐይ እየጠበሰ፣ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ጨርቅ መሸ።

ድንቡሼ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ሲከፍትላት፣ ማውሱን እንደ ጠመኔ በሁለት ጣቶቿ ያዘችው። ስክሪኑ ላይ የገዛ ቤቷ ተከፈተ። የግድግዳው ቀለም የተላጠበት ቦታ ሳይቀር አለ። ከዓመታት በፊት የተሰበረው፣ ራሷ የረሳችው ሰማያዊ ባልዲ እንኳ በሩ ሥር ተቀምጧል። ይህ ልጅ ይህን ሁሉ በየትኛው ዓይኑ ሲለቅም ኖረ?

“መጋረጃው መሬት ነክቷል!” አለች ደንግጣ።

“የመጀመሪያ መጋረጃሽ ነው። ይነካ ነበር።”

“ደሞ ይሄንንም ያዝክብኝ?”

የመጀመሪያው በር ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው በመጋረጃው ጫፍ እጥፋት ውስጥ ተሰፍቶ ነው። ተቺዎቹ በአንድ አፍ ያደነቁት እንቆቅልሽ ይህ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ወንበሯን አስጠግታ በጣቷ ጠቆመች።

“እዚህ ጋ አብጧል፣ አታይም? መቀሱን አንሺና ፍቺው።”

“አይቻለሁ። አልፈታም።”

“ለምን?”

“እኔ የሰፋሁትን ስፌት? ምን በደለኝ ብዬ?”

“ጨዋታ እኮ ነው!”

“ስፌት ስፌት ነው!”

ድንቡሼ ግንባሩን ያዘ። ይህን ጨዋታ ሲሠራ ሰው ሁሉ የት የት እንደሚሳሳት አስቦ ነበር፤ ጥሩ ስፌት ለመፍታት እምቢ ብሎ በሩ ላይ የሚቀር ተጫዋች ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም። ከብዙ ልመና በኋላ “በኋላ መልሼ እሰፋዋለሁ” ብላ መቀሱን አነሣች።

ያን ጊዜ ነው እጆቹን በደንብ ያየቻቸው። መቀሱን የያዙት እጆች የወንድ አልነበሩም። የቀኝ አመልካች ጣት ጥፍሩ ተሰንጥቆ ተጠፍጥፏል፤ የስፌት መኪና መርፌ አንድ ቀን ያለፈበት ጣት ነው። የቀኝ እጇን ከማውሱ አንሥታ ከስክሪኑ አጠገብ ዘረጋችው። ጥፍር ከጥፍር ተያየ።

“ይሄ የማን እጅ ነው?”

የመለሰላት ከስክሪኑ ኮሪደር ጫፍ የመጣ የሕፃን ድምፅ ነው፦ “ውሃ... ውሃ ጠማኝ...” ወዲያው የእጆቹ ባለቤት፣ ራሷ የማትታየው ሴት፣ ጮክ ብላ መናገር ጀመረች። “መጣሁ! አንተ ወንበር፣ ዞር በል፣ ማን ገተረህ እዚህ? አንተም ቁም ሣጥን ጥርስህን አታፋጭብኝ፣ ሰው ተኝቷል! አምፖል፣ ከበራህ ብራ፣ ከጠፋህ ጥፋ፣ ምን ያጫውትሃል?”

ፀጉር ሠሪዋ ሆዷን ይዛ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። “አንቺ ነሽ! እታለም፣ ቁርጥ አድርጎ አንቺን ነው የሠራው!”

እታለም አልሳቀችም። “እንዲህ እል ነበር እንዴ?” አለች ቀስ ብላ።

“ሌሊት ውሃ በጠየቅኩሽ ቁጥር” አለ ድንቡሼ። “እፈራ ነበር፤ አልዋሽሽም። እናቴ ሞታ፣ ቤቱ አዲስ ሆኖብኝ፣ ኮሪደሩ ማለቂያ የሌለው ይመስለኝ ነበር። ግን ስጠራሽ ከዚያ ጫፍ ወንበሩን ስትቆጪ እሰማለሁ። ቀጥሎ ቁም ሣጥኑን። ድምፅሽ በቀረበ ቁጥር አንድ አንድ ጭራቅ እያባረርሽ የምትመጪ ይመስለኝ ነበር። አድጌ አንድ ቀን ብቻዬን ቤት አድሬ፣ በዚያ ኮሪደር ሳልፍ፣ አፌ ሳላዘው ወንበሩን ተቆጣ። ያን ቀን ገባኝ። እታለም... ትፈሪ ነበር አይደል?”

“እኔ? ምን ያስፈራኛል?” አለች ወዲያው፤ የልማዷን።

መጋረጃው ብርሃኑን ይዞታል፤ ከስክሪኑ ሕፃኑ እንደገና ጠራ።

“እፈራ ነበር” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እኔም ልጅ ነበርኩ እኮ። ከእህቴ በቀር ሰው አልነበረኝም። በዚያ ኮሪደር ስወጣ ከኋላዬ የሆነ ነገር ቀሚሴን ሊይዘኝ ነው እያልኩ... አንተ እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው የምጮኸው። ይኸው ለአገር ነገርክብኝ!”

“ለዚህ ነው ያጨበጨቡት።”

“ያ ጎምዛዛ አላጨበጨበም። ዝምታ ነው የሚያስፈልገው አለ አይደል? ፈርቶ ዝም የሚል ሰው የት አየ? ልጅ አሳድጎ አያውቅም ማለት ነው።” ከዚያ ሳህኑን ወደ ድንቡሼ ገፋችው። “ብላ እንጂ፣ በሞቴ። በረደብህ።”

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ተነሣች። “በይ በቃ፣ መልስሽን አግኝተሻል። መጋረጃውን ልክፈተው፣ ታፈንን።”

“እንዳትነኪው!” እታለም ማውሱን መልሳ ያዘች፤ አሁን እንደ ጠመኔ ሳይሆን እንደ ሰው እጅ። “ልጁ ውሃ እየጠየቀኝ ትቼው ልሂድ?”

ኮሪደሩ ፊት ለፊቷ ተዘረጋ። አምፖሉ ጠፋ። ከቁም ሣጥኑ በኩል አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ትከሻዋ ዘሎ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ፤ እግሯ ግን፣ የስክሪኑም የራሷም፣ ወደፊት ነበር።

“መጣሁ የኔ ልጅ!” ብላ ጮኸች፤ በዚህ ጊዜ ከጨዋታው ቀድማ።