ኒሙ ሥር የተያዘ ቀጠሮ

በእኛ አገር ቀጠሮ የሚያዘው በዛፍ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ እርቅ የሚፈጸመው፣ ገበያ የወጣ ሰው ከመንገድ ጓደኛው ጋር የሚገናኘው ዛፍ ሥር ነው። «ሾላው ዘንድ» ከተባለ ሾላው ዘንድ ነው፤ ሌላ ምልክት አያሻም። ስለዚህ በዚያ የረሃብ ዘመን ባሌ መተማ ላይ ሲለየኝ የአንድ ዛፍ ምልክት ብቻ ነግሮኝ ቢመለስ ምንም አልደነቀኝም።

«ገዳሪፍ ስትደርሺ የእህል ገበያውን በር ጠይቂ» አለኝ። «በሩ ፊት ለፊት ትልቅ ኒም አለ፤ ጥላው ፀሐይ አያስገባም። እሱ ሥር ቁጭ በዪ። እናቴን ይዤ እመጣለሁ።»

ኒሙን በደንብ ያውቀዋል። በደህናው ጊዜ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ ሲወርድ ቀጣሪ እስኪመጣ የሚጠብቀው እሱ ሥር ነበር። እናቱ ጉልበቷ ከድቷት መንገድ ላይ ከዘመድ ቤት ቀርታ ነበርና ሊያመጣት ወደ ኋላ ዞረ። እኔ ከአገሬ ሰዎች ጋር ወደ ፊት ሄድሁ። በሬዎቻችን አልቀዋል፣ ጎተራው ተጠርጓል፤ መተማ ቆሜ ብጠብቀው ኖሮ የሚያገኘው ሬሳዬን ነበር።

ዛፉ እንዳለው ሆኖ አገኘሁት። ደርሼ ቁጭ አልሁ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስል ወሩ አለቀ። አብረውኝ የመጡት ከከተማ ውጭ ወዳለው መጠለያ ገብተው ራሽን መቀበል ጀመሩ። እኔን ግን መጠለያ ከገባሁ ማን ያገኘኛል? በዛፉ አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ፣ የጎንደር ሰው ሆነው ገዳሪፍ ላይ የሸበቱ ሙስሊም ነጋዴ፣ ሁኔታዬን ሲያዩ ከረሙና አንድ ቀን ማንቆርቆሪያና ጥቂት ብርጭቆ አውጥተው ሰጡኝ። ሐጂ ነበር የምላቸው።

«ሻይ እያፈላሽ ሽጪ፤ ስትሄጂ ትመልሺልኛለሽ» አሉኝ።

ቀን እስኪያልፍ ያባቴ ሎሌ ይግዛኝ ብዬ ተቀበልሁ። ተሸካሚው፣ የሎሪ ሾፌሩ፣ የእህል ደላላው ከእኔ ዘንድ ሻይ ይጠጣ ጀመር። ሐጂ ከሱቃቸው በስተኋላ ባለው ጓዳ መኝታ ሰጡኝ። ኑሮዬ ከዚያ ጓዳ እስከ ኒሙ ግንድ ሆነ። ወደ ወፍጮ ቤት ስላክ እሮጣለሁ፣ ስመለስ እሮጣለሁ፤ በዚያች መሐል ቢመጣስ? ወባ በያዘኝ ጊዜ እንኳ ጆንያ አንጥፌ እዚያው ዛፉ ሥር ተንቀጠቀጥሁ። እስረኛ ቢያንስ የሚያማው ጠባቂ አለው፤ እኔ ራሴው እስረኛ፣ ራሴው ጠባቂ ነበርሁ። አንዳንድ ቀን ባሌን ከመናፈቄ ይልቅ በባሌ መናደዴ ይበልጥ ነበር።

ገበያው በር ላይ ቀኑን ሙሉ ሎሪ ይመላለሳል፤ አቧራው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ አቧራ አልወድም። እናቴ ያስተማረችኝን አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት የረገፈውን ቅጠል አንድም ሳላስቀር እጠርጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከብት ገበያው እበት አምጥቼ ከጭቃ ጋር እለውስና ከግንዱ ጀምሬ እስከ መንገዱ ዳር እለቀልቀዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ቤት ወለል ይሆናል። አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ የገባበት ቀን ትዝ ይለኛል። በዚያ አገር የተኩራራሁበት ነገር ቢኖር ያ ልቅልቅ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኜ አንድ ክረምት አለፈ፤ ዝናቡም እንደ ነገሩ ነበር። ቀጥሎ በመጣው በጋ የመንገዱ ዳር ኒሞች ሁሉ እንደ ልማዳቸው ቅጠላቸውን አራገፉና ሙቀቱ ሲበረታ አዲስ አወጡ። የእኔው ብቻ አራግፎ ቀረ። ጥላው ሳሳ፣ ደንበኞቼ ፀሐይ እየሸሹ ወንበራቸውን ሲያዞሩ ዋሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የሐጂ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ወደቀ።

ሐጂ ወጥተው ወደ ላይ አንጋጠው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ዛፍ አብቅቶለታል» አሉ። «ለበለዲያዎቹ እነግራለሁ፤ መጥተው ይቁረጡት።» በለዲያ የሚሉት የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ነው።

«ሐጂ፣ እሱን ከቆረጡት ባሌ የት ያገኘኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል? ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ።»

«ባሌ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ያፍራል። ዛፉን ካጣ ዞሮ ነው የሚሄድ። ደግሞስ እርስዎ መስጊድ ሄደው ሳለ ቢመጣ?»

ሐጂ ሳቁ። «ወላሂ፣ ይህን ያህል የሚጠበቅ ሰው አላየሁም። ይሁን፤ ዝናብ እስኪጥል እታገሣለሁ። ያን ጊዜ ካላቆጠቆጠ ግን በላዬ ላይ አላስወድቀውም።»

እውነቱን ልናገርና፣ «ይቁረጡት» ሲሉ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ዛፉ ከወደቀ ቀጠሮውም ይወድቃል። ቃል አፍራሽ አልባልም፤ ጓዜን ጠቅልዬ ወደፈለግሁበት እሄዳለሁ። ይህ ሐሳብ ደስ ስላለኝ ደግሞ በራሴ ተናደድሁ። በዚያው ንዴት ብርጭቆ ያጠብሁበትን ውሃ ከነሳፋው አንስቼ ከዛፉ ግንድ ላይ ደፋሁት።

ውሃው አልሰረገም። በልቅልቁ ላይ እየተንሸራተተ እንዳለ መንገድ ዳር ወርዶ ፈሰሰ። ከዳር በኩል ብቻ፣ የአህያ ማሰሪያ ካስማ ተነቅሎ ቀዳዳ በተወበት ቦታ፣ ገደል እንዳገኘ ድምፅ እያሰማ ገባ። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ሌላ ሳፋ ደፋሁ፤ ያው ነው። ያለፈው ክረምት ዝናብም እንዲሁ በላዩ ላይ ሲያልፍ ከርሟል ማለት ነው። ቤት እንዲያምር የምንለቀልቀው እበት የዛፉን አፍ ዘግቶታል፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ፣ ያውም በየሳምንቱ፣ እያጠበቅሁ።

ከተሸካሚዎቹ ድጅኖ ለምኜ ልቅልቁን መስበር ጀመርሁ። ደንበኞቼ አበደች አሉ። ከልቅልቁ በታች ያለው ደግሞ ከእሱ የባሰ ነበር። የገዳሪፍ አፈር እኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ ሎሪ ሲመላለስበት ደግሞ ድጅኖ ይመልሳል። ስንጥቁ እጄን እስከ ክንዴ ያስገባል። በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ የዛፉ ሥር ከሁለት ተበጥሶ አየሁ። ከዚያ በኋላ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ ብዬ ጉልበቴን አጠፍሁ።

የደረቀውን ቀስ እያልሁ ከሥሩ መሐል ፈለፈልሁ። ስንጥቁን ሁሉ ሰሊጥ ከሚነፋበት ቦታ ባመጣሁት ገለባና በአህያ ፋንድያ ሞላሁት። የሻይ ዝቃጭ እላዩ ላይ አፈሳለሁ፤ የረገፈ ቅጠልም መጥረግ ትቼ እንዲያውም ከጎረቤት እለቅማለሁ። ሎሪ እንዳይወጣበት ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርሁ። የእጅ መታጠቢያውም፣ የብርጭቆ እጣቢውም ለእሱ ሆነ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ዛፍ ያገባሁ መሰልሁ።

አገር ቤት ፋጉሎ ያገኘ የጓሮ ጎመን እንዴት እንደሚፋፋ አውቃለሁ። ከዘይት መጭመቂያው ሄጄ የሻገተ የሰሊጥ ፋጉሎ፣ ሱዳኖች ኡምባዝ የሚሉትን፣ ለመንሁና ከሥሩ ዙሪያ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ጉድጓዶቹ ተከፍተዋል። ውሻ ነው ብዬ ዱላ አነሣሁ። ከሱቁ ግድግዳ ጀርባ አንዲት ሴት ተቀምጣ ፋጉሎውን በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን እየጠረገች ትበላለች። አንደበቴ ላይ የመጣው «ሌባ!» የሚለው ቃል ነበር።

በትግርኛ አንድ ነገር አለችኝ፤ አለመስማቴን ስታይ ወደ አማርኛ መለሰችው። «እህቴ፣ የተጣለ መስሎኝ ነው።»

ዱላው ከእጄ ወደቀ። ሰው በረሃብ እየረገፈ እኔ ዛፍ ሳበላ ተገኘሁ! አስቀምጬ ስኳር ያበዛሁበት ሻይ ሰጠኋት፣ ለምሳዬ ያስቀመጥሁትን የሱዳኖቹን እንጀራ፣ ኪስራ፣ አቀረብሁላት። ቀስ ብላ፣ እንደ እንግዳ እየተግደረደረች በላች። ከሄደች በኋላ ከሥር የቀረውን ፋጉሎ ራሴ አወጣሁት፤ የሻገተውን ፍቄ፣ አጥቤ፣ ከሱቁ በር አስቀመጥሁት። ቀትር ሳይሆን አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዛፉ የሚያገኘው የሰው አፍ የማይፈልገውን ብቻ ሆነ።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሐጂ በየጠዋቱ ወደ ላይ ማየት አበዙ፤ እኔም አየሁ። የምመኘውን አላውቀውም ነበር። እጄ ውሃ ያጠጣል፣ ልቤ «ተው ድረቅ፣ ልሂድበት» ይላል። አንድ ቀን ሻይ እየቀዳሁ አንዱ ተሸካሚ በጣቱ አሳየኝ። ከታችኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ቀላ ያለ፣ ገና ያልተዘረጋ ቅጠል ወጥቷል። እልል አልሁ። ያ ሁሉ ገበያተኛ ዞሮ አየኝ። ማታውን ግን ጓዳዬ ገብቼ ስተኛ ነገሩ ገባኝ። ዛፉ ሊኖር ነው፤ እንግዲህ እኔም እዚህ ልኖር ነው።

ዝናቡ ጣለ። አገር ቤትም ጥሏል ተባለና መጠለያ የነበሩት ሰዎች ለዘር ለመድረስ መመለስ ጀመሩ። አንድ ጠዋት የሰፈሬ ሰዎች የተሳፈሩበት ሎሪ ገበያው በር ላይ ቆመ። አብራኝ የተሰደደችው ጎረቤቴ ከላይ ሆና ጠራችኝ።

«ነይ ውጪ! ቦታ ይዤልሻለሁ። ዝናብ ከጣለ እሱም ከቤቱ ነው የሚገኝ። እዚህ ዛፍ ስትጠብቂ ልታረጂ ነው?»

ሐጂም «ሂጂ» አሉኝ። «ዛፉ አለ፣ እኔም አለሁ። ከመጣ ወደ ቤትህ ግባ እለዋለሁ፤ ሱቅ ባይገባም ወጥቼ እይዘዋለሁ።»

ልቤ ተነሣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከመተማ ወዲህ አልተሰማኝም። ጓዜን ጠቅልዬ ወረወርሁላት፤ ስቸኩል የሐጂ ማንቆርቆሪያም አብሮ ሄደ። በጎማው ላይ ረግጬ ወጣሁና ከጆንያው መሐል ተቀመጥሁ። ከላይ ሆኜ ሳየው ኒሙ ለምልሟል። ደህና ሁን አልሁት።

ሾፌሩ ሊዞር ወደ ኋላ ሲመጣ የኋላ ጎማው ድንጋዮቹን ገፍትሮ አፈሩ ላይ ወጣ። እርጥብ ዋልካ ነው፤ አንዴ ጎማ ከተጫነው ጡብ ይሆናል። በእጄ ያለሰለስሁት አፈር በዓይኔ ፊት ሲጠቀጠቅ አየሁ።

«አቁም! አንተ፣ አቁም!» ብዬ ጮኽሁ። እንዴት እንደወረድሁ አላውቀውም። በአማርኛም በዐረብኛም ስሰድበው ሾፌሩ እየሳቀ ሎሪውን ወደ ፊት አወጣው። የጎማው ፈለግ ውሃ ቋጥሮ ቀረ። ተንበርክኬ በጣቴ እቆፍር ጀመር።

«ነይ እንጂ! ሰው ሁሉ አንቺን ይጠብቃል!» አለች ጎረቤቴ።

«መጣሁ፤ ይችን ብቻ!»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። «መጣሁ!» አልሁ ቀና ሳልል። ከዚያ በኋላ አልጠሩኝም። ሞተሩ ሲርቅ ሰማሁ። ቀና ስል ሎሪው ገበያው ጥግ ላይ የአህያ መንጋ ዘግቶት ቆሟል። ብሮጥ እደርስበት ነበር። አልሮጥሁም። እጄ አፈር ውስጥ እንዳለ አህዮቹ ሲያልፉና ሎሪው ሲሄድ ተቀምጬ አየሁ።

ሐጂ ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ኖሯል።

«ማንቆርቆሪያዬስ?» አሉኝ።

«ሎሪው ላይ ነው።»

«ማንቆርቆሪያው አገሩ ገብቶ አንቺ ቀረሽ?»

«አዎ» አልሁና አለቀስሁ።

ባሌ አልመጣም። በዚያ ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም። ሎሪው በሄደ በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ከመደርደሪያቸው ሌላ ማንቆርቆሪያ አውርደው፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ስትሄጂ ትመልሺልኛለሽ አላሉም።