ፈረስ የሌለው ጋሪ ተሸክሜ ቀረሁ

ዛሬ ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ውስጥ ዓይኔ እያየ የቦቲቼላ ፈረስ አንሸራቶት ወደቀ። ያ ቱሪስት የሚያዞረው ጋሪ።

እኔ የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ። እኛ ጋ የጋሪ ፈረስ ከወደቀ መንገደኛው ሁሉ ተረባርቦ ጋሪውን ያነሳለታል። አሎራ፣ ከኤስኲሊኖ ገበያ የገዛሁትን አስቤዛ መሬት ላይ ጥዬ ሮጥኩና የጋሪውን እንጨት በትከሻዬ ደገፍኩ።

ባለጋሪው ሽማግሌ ግን ተረጋግተው አንዲት ቀይ ገመድ ሳብ አደረጉ። ቀጭ! ጠፍሩ ሁሉ በአንዴ ተለቀቀና ፈረሱ ብድግ አለ።

"ሲኞራ፣ አሁን አንቺ ልትጎትቺው ነው?" አሉኝ። እንጨቱን ገና አልለቀቅኩም ነበር።

ማፈሩን ትቼ "እስቲ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ጠፍሮቹ የተያዙት በዘለበት ሳይሆን ገመዷ ስትሳብ በሚከፈት መንጠቆ ነው። መልሰው ቆልፈው እኔንም አስሳቡኝ። ቀጭ!

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ለእንዲህ ያለው ቀን ከወንበሩ ስር ቢላ ነበር የሚይዘው፤ ፈረሱ እየተራገጠበት ጠፍሩን በቢላ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ይቺን መንጠቆ ቢያይ ምን ይል ነበር?

ፈረሱስ? ተፈትቶም የትም አልሄደም። ዞር ስል ጎመኔን እየበላ ነው።

በእናንተ ከተማ የወደቀ ፈረስ በምን ይፈታ ነበር? ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ እኔ ጎመን ልገዛ ተመልሻለሁ።