ቢልቂስ የጠበቀችው ጥሪ

ጽሕፈት ብዙም አልችልም፤ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ስለ ቢልቂስ ግን የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም፤ ስሕተቴን እለፉልኝ።

ሀርጌሳ ገና ከፍርስራሽ ስትነሣ፣ 31 ሜይ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። እሷ በአውሮፕላን ትኬት ቢሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች፤ እኔ እዚያው አጸዳለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ። ያስቀጠራት እዚያው ፕሮግራም የሚሠራው የድሬዳዋ ልጅ ኢርፋን ነው፣ አብሮ አደጓ። መኖሪያ ፈቃዷ የተሰጣት በዚሁ ሥራ ነበር።

ጄኔሬተሩ ቀን ላይ ነዳጅ ሊሞላ ሲጠፋ፣ ኮምፒውተሩ በባትሪ ቆይቶ ፕሮግራሙን «አቁም» ይለዋል። ሲግናል ነው የሚሉት። «ማን ይሰማዋል?» አልኳት አንዴ፣ እያፈርኩ።

ሳቀች። «አባትሽ ከደጅ ‹አንዳችሁ ኑ!› ሲሉ ማን ይወጣ ነበር?»

«ጆሮውን ያልደፈነ።»

«እሱ ነው! ፕሮግራሙ ውስጥ ትሬድ የሚባሉ ብዙ ሠራተኞች አሉ። ጥሪው ለቤቱ ነው። ከርነሉ፣ የኮምፒውተሩ አዛዥ በይው፣ ጆሮው ክፍት ለሆነ ለአንዱ ይሰጠዋል። እኛ የሁሉንም ደፍነን፣ እኔ የሠራሁት ብቻ ጥሪውን ይጠብቃል። ትኬቱን አስቀምጦ ቤቱን ይዘጋል። ሌላው ከሰማ ግን ቤቱ ከነሰዉ ድርግም ይላል።»

አንድ ረቡዕ መብራት ጠፋ፤ የተሸጠው ትኬትም ከኮምፒውተሩ አብሮ ጠፋ። አየር ማረፊያው በተጓዥ ጩኸት ተናወጠ። ቢልቂስ ስትፈትሽ፣ ኢርፋን የሠራው ትሬድ ጆሮው ተከፍቷል።

«ለሙከራ ከፍቼው ረሳሁት» አላት። «ወላሂ፣ ለጉሌድ ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ ዝም በይ፣ እህቴ።»

ዝም አለች።

በነጋታው የቢሮው ባለቤት ጉሌድ በር ላይ ቆመ። «ማነው ያጠፋው? አንዳችሁ ኑ!»

ኢርፋን አንገቱን ደፍቶ ኪቦርዱን ይመታል። መብራት የለም፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ዝም ብሎ ይመታል። ሻዩን ይዤ ቆሜ አያለሁ።

«ኢርፋን?» አለች ቢልቂስ።

«ጥሪውን የምትቀበለው እሷ ናት» አለ፣ ቀና ሳይል።

«የሱ ተከፍቶ ነው እኮ! ትናንት አይቼዋለሁ።»

«ትናንት ካየሽ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ጉሌድ።

ኢርፋንን አየችው። ኪቦርዱ ቀጠለ። ሥራዋ በዚያው አበቃ፤ መኖሪያ ፈቃዷም አብሮ።

የሸኘኋት እኔ ነኝ። ወደ ድንበር የሚሄደው ሚኒባስ ሊነሣ ሲል ኢርፋን እየሮጠ መጣ። «ቢልቂስ! ቢልቂስዬ!»

የጠራው እሷን ብቻ ነው። ቅርብ ነበር፣ ትሰማለች። አልዞረችም።