አየር የያዘው ራዲያተር

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን በሙቅ ውሃ የሚያሞቀው የመኝታ ቤቴ ራዲያተር ከታች ሞቆ ከላይ ቀዝቅዞ አገኘሁት። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ሳላላት አየሩ እያፏጨ ወጣ፤ ተከትሎም ዝገት ዝገት የሚሸት ጥቁር ውሃ እጄ ላይ ተረጨ። ሽታው አሜሪካ፣ ፌርፋክስ አጠገብ ወደነበረው አሮጌ ቤታችን መለሰኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሳሎናችን አልሞቅ ሲል አከራያችን የቧንቧ ሠራተኛ ላከ። ሰውዬው ራዲያተሩን ነካ አድርጎ "አልቆለታል፣ ይነቀል" አለ። አባዬ ዳውንታውን መኪና ፓርክ አድራጊ ከመሆኑ በፊት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ላይ የሠራ ሰው ነው። ተንበርክኮ ብረቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰው። በእንግሊዝኛዬ ስለሚኮራ፣ ፈረንጅ ሲመጣ አናጋሪው እኔ ነበርኩ።

"ንገሪው የኔ ልጅ፣ አልተበላሸም። አየር ይዞ ነው። እቺን ቡሎን ያላላትና ውሃ እስኪመጣ ይጠብቅ።"

ሰውዬው አባዬን በንቀት አየው። የተንበረከከው አባዬ ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዷል። አፈርኩበት።

"አንተ እንዳልክ ይሁን ይላል" አልኩት ሰውዬውን በእንግሊዝኛ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጉልበቱን አራገፈና "ጎሽ" አለኝ። ራዲያተሩ ተነቅሎ ሄደ፤ ዊንተሩን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ጃኬት ለብሰን ተቀመጥን።

የኔው አሁን እስከ አናቱ ሞቋል። የማስበው ግን ከዚያ ዊንተር በኋላ አባዬ የሚሠራበት ፓርኪንግ ድረስ ምሳ ይዤለት የሄድኩበትን ቀን ነው። አንድ ሰውዬ ስለ መኪናው ይጮህበታል። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ያቺኑ የኔን ቃል፣ ሲናገር ሰምቼው በማላውቀው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ መለሰለት፦

"አንተ እንዳልክ ይሁን።"